የግራው ዳር

ጨዋታው የአሜሪካን ፉትቦል ነው፤ ያ እንቁላል መሳይ ኳስ በእጅ የሚወረወርበት። ጀርመን አገር፣ ኖርድቬስትሽታት በሚባል ሠፈር፣ ከፎቆቹ ጀርባ ባለው ሜዳ፣ የአንድ ሠፈር ቡድን ማጥቃት የማሠለጥነው እኔ አድነው ነበርኩ። የእኔ አጨዋወት መጋፋት አይወድም። ተቀባዮቼን በሜዳው ስፋት እበትናቸዋለሁ፤ ተከላካዩ አብሮ ይበተናል፤ መሀል ላይ ክፍት ቦታ ይገኛል። ወርዋሪው ደግሞ ተቀባዩ ገና ጀርባውን ሰጥቶ ሲሮጥ ኳሷን ይለቃታል። ልጁ ዞር ሲል ኳሷ አፍንጫው ላይ ናት። «ቦታው ላይ ወርውር፤ ሰውየው ይመጣል!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኼባቸዋለሁ። ቁጡ ነኝ፤ ምን ይደረግ!

ወርዋሪዬ የጎረቤቴ የውባለም ልጅ ቶሚ ነበር። ግራ ዳር የሚቆመው ተቀባይ ደግሞ ዛሂድ። አንድ ፎቅ ላይ፣ በራቸው ፊት ለፊት ሆኖ ነው ያደጉት። አንዱ እሁድ ቸርች፣ ሌላው አርብ መስጊድ ይሄዳል፤ ከዚያ ውጭ አይለያዩም። በፈረንጆቹ 2011 ጸደይ ላይ ዛሂድ ኦስትሃፈን ወደብ ካለው ሥራው በብስክሌት ሲመለስ መኪና ገጨው። ሆስፒታል እንኳ ሳይደርስ አለፈ። አይ ሞት!

በዚህ ጨዋታ አንድ ልማድ አለ። ተጫዋች የሞተበት ቡድን የሚቀጥለውን ግጥሚያ አንድ ሰው አጉድሎ ይጀምራል። ለመጀመሪያው ኳስ የሟቹ ቦታ ባዶ ይተዋል፤ ተጋጣሚውም አውቆ ዝም ይላል፤ ወርዋሪው ኳሷን ይዞ ይንበረከካል፤ አለቀ። ከዛሂድ ቀብር በኋላ በተጫወትነው ግጥሚያ ቶሚ ግን አልተንበረከከም። ወደ ግራ፣ ወደ ባዶው ቦታ ወረወራት።

ዓይኔ ተከላካዩ ላይ አረፈ፤ ቀይ ጺም ያለው ጀርመን ነው። ዝም ብሎ ይቆማል ስል ወደ ኋላ እየሮጠ ነበር። ማንን እንደሚከተል እንጃ። ድንገት እግሩ ተጠላልፎ ወደቀ፤ ዛሂድ ሲታጠፍበት ሰው ሁሉ እንደሚወድቀው አወዳደቅ። ኳሷ ሣሩ ላይ አረፈች። ከጨዋታው በኋላ ሰውየው መጣና፣ «ግራ ዳር የነበረው ልጅ የት አለ? ፈጣን ነው፤ ልጨብጠው» አለኝ። «ቤቱ ሄደ» አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

ከዚያ ወዲህ ቶሚ ለሌላ ሰው አልወረውርም አለ። በልምምድ ሁሉ ወደዚያ ባዶ ቦታ ብቻ። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ቦታው ላይ ፍስሃየ የሚባል ኤርትራዊ ልጅ አቆምኩ። አንዴ ሮጦ ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ።

«ኮች፣ እዚያ ሰው አለ።»

«የምን ሰው?»

«እንጃ። ትከሻዬን ገፋ አድርጎኝ አለፈ።»

ልጮህበት አፌን ከፍቼ መሬቱን አየሁ። ዝናብ ጥሎ ሜዳው ጭቃ ነበር። ፍስሃየ የሮጠበት ዱካ አለ። ከጎኑ ሌላ ዱካ አለ፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ ግራ እግሩን ጠልቆ ተክሎ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ። የሰው ያለህ! ያን መታጠፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ የማን እንደሆነ እንዴት ይጠፋኛል?

በማግስቱ የዛሂድ እናት፣ እትዬ ኸይሪያ፣ ቤታቸው ጠሩኝ። ከስተዋል። ገና ሳልቀመጥ ጀመሩ።

«አድነው፣ ትሬይኒንጋችሁ ማክሰኞና ሐሙስ ነው አይደል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ዛሂድ በህልሜ የሚመጣው በነዚያ ቀኖች ነው። ላብ በላብ ሆኖ፣ ትንፋሽ አጥሮት። ‹እማ፣ ደከመኝ፤ ይጠሩኛል› ይለኛል። ሰግጃለሁ፣ ዱዓ አስደርጌያለሁ፤ አልሆነም። በአላህ እለምንሃለሁ፣ ልጄን አታሩጡት። ይረፍበት።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። አንጀቴን በሉት።

ሐሙስ ቶሚን ለብቻው ወስጄ ሁሉንም ነገርኩት።

«ቦታው ላይ ወርውር፣ ይመጣል ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ ጋሼ?» አለ። «ይኸው መጣ! ካልወረወርኩ ግን ዳን ኢስት ኤር ቬግ። በቃ፣ የለም ማለት ነው።»

«እናቱ ዘንድ ደክሞ ነው የሚደርሰው።»

«ለኔ ደከመኝ ብሎኝ አያውቅም።»

«ላንተማ አይልም! አንተ ከጠራኸው እስከ መቼም ይሮጣል። እኔ ብጮህ አይሰማኝም፤ የጠራኸው አንተ ነህ፣ የምታሰናብተውም አንተ ነህ።»

ኳሷን ደረቱ ላይ አቀፈ። ከዚያ ወርዋሪው ከሚቆምበት ቦታ ሄዶ ቆመና ወደ ግራ ዞረ። ጭጋግ ሜዳውን ሸፍኖታል።

«ዛሂዶ» አለ በቀስታ። ደገመው። «ዛሂዶ፣ በቃህ። ቅያሬ ነው። ውጣ፣ ወንድሜ።»

ለፍስሃየ በእጄ ምልክት ሰጠሁትና እየሮጠ ገባ። እኛ ዘንድ የሚወጣና የሚገባ ሲተላለፉ መዳፍ ይማታሉ። ፍስሃየም ከልማድ የተነሳ ሳያስበው፣ ማንም በሌለበት እጁን አነሳ። ጧ! ሁላችንም ሰማን። ልጁ መዳፉን እያየ ባለበት ደርቆ ቀረ።

ወዲያው አጠገቤ ትንፋሽ ሰማሁ። ሲሮጥ ቆይቶ፣ ጉልበቱን ይዞ የሚያለከልክ ሰው ትንፋሽ። ዞሬ አላየሁም። ፈራሁ፤ ምን እዋሻለሁ። ከሜዳ ለወጣ ልጅ እንደማለብሰው፣ ጃኬቴን አውልቄ ወደ ጎን ዘረጋሁት።

«ጎበዝ» አልኩ። «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ። አረፍ በል።»

ትንፋሹ ቀስ እያለ ረጋ፤ ከዚያ ጠፋ። ቶሚ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ሄደ?» አለኝ።

«ሄደ» አልኩት።

በቀብሩ ቀን እንባ ያልወጣው ልጅ፣ ያን ጊዜ አለቀሰ።