ውኃ ቀጂዎቹን የወሰዱት ንጉሥ

«ከዚያ ክምር ሥር ናቸው እላችኋለሁ፤ ከነወርቅ ኮርቻቸው!»

ባለሱቁ ገብረአምላክ ይህን ሳይናገር ጨው መዝኖ አያውቅም። አንድ የጥንት ንጉሥ ወደ ደቡብ ዘምተው፣ ወባ ጥሏቸው፣ ዱብሉቅ መንደር ዳር ካለው የድንጋይ ክምር ሥር ተቀብረዋል ይላል። ማን እንደነገረው ሲጠየቅ «የሰማ ሰው ነዋ!» ብሎ ይዘጋል። ወሬው እንዴት አዲስ አበባ እንደደረሰ እንጃ፤ በበጋው መካከል ድንኳንና አካፋ የጫነ ላንድሮቨር መጥቶ የጉልበት ሠራተኛ ፈለገ። ዱብሉቅ ላይ የጉልበት ሠራተኛ ማለት ደግሞ ውኃ ቀጂ ነው።

ሦስት ላሞች ያሏት ዲንኪቱ ዛሬ ቆማ አልሰማችውም። «አንቱ ለሞቱት ያልቅሱ፤ እኔ ገና ላልሞቱት ልሩጥ» ብላ አለፈች።

የላሞቿ የመጠጫ ተራ ዛሬ ነበር። ይህ ካለፈ፣ በዚህ ድርቅ ቀጣዩን አይደርሱበትም። ኤላ ከሚሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ውኃ የሚወጣው ሰዎች ከታች እስከ ላይ በእርከኑ ቆመው፣ እየዘፈኑ የቆዳ ባልዲ ሲቀባበሉ ነው። አንድ ሰው ከጎደለ ቅብብሉ ይበጠሳል። የጎደለው ለቁፋሮው የተቀጠረው ታናሽ ወንድሟ ሶራ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእሱ ሌላ ክንድ የላትም።

ቁፋሮው ጋ ስትደርስ የሠራተኞቹ አለቃ ሙሉነህ ጃንጥላ ሥር ተቀምጧል።

«ናጋ፣ ሰላም ዋሉ ጌታዬ። ሶራን ለዛሬ ብቻ ይስጡኝ።»

«ዛሬ? ዛሬማ አንድ ሰው ንቅንቅ አይልም!»

«ላሞቼ ሊያልቁ ነው።»

«ይኼ የአገር ታሪክ ነው፣ እመቤት። ላም ይተካል፤ ንጉሥ ይተካል?»

«ንጉሥዎ አይጠማቸውም።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ሙሉነህ አልሳቀም። «የወጣ ሰው የወሩን ደመወዝ ይርሳው!» ብሎ ወደ ጉድጓዱ ጮኸ።

ሶራ ቀና አለ። አካፋውን ሊጥል ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ዓይኗን ሸሽቶ፣ «እህል የምንገዛው በዚህ ነው፣ እህቴ» አላት።

«እህሉን በምን ወተት ልትበላው?»

ሶራ ወደ አካፋው አጎነበሰ። ዲንኪቱ ወደ ኤላው ተመልሳ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አደረገችና በሶራ ቦታ ቆመች። ከሥሯ ባለው እርከን የቆመው፣ ዱባ የተባለ ሽማግሌ ባልዲውን እያቀበላት፣ «ቀስ በይ ልጄ፣ ይህ የወንድ ሥራ ነው» አላት።

«ወንዶቹ ሬሳ ፍለጋ ሄደዋላ!»

ዘፈኑ እጇን ቀደማት። ባልዲው ሲደርሳት ግማሹ ደረቷ ላይ ይፈሳል፤ የከብቱ መጠጫ ገንዳ ጋ የሚደርሰው ጭቃውን ከማርጠብ አያልፍም። ቀትር ሲያልፍ መዳፏ ተላጠ። ተራ አስያዡ ሽማግሌ ከላይ ጠራት።

«ዲንኪቱ፣ በቃ። የእነጣዲቻ ከብት ተራ ደርሷል። ጨክኜ አይደለም፤ ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ስትወጣ ሁለቱ ላሞች የገንዳውን ጭቃ ይልሳሉ። ያረገዘችው ቡላ ግን ተኝታለች። በጅራቷና በቀንዷ ይዘው ቢያነሷት ተመልሳ ወደቀች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሶራ አቧራ ለብሶ መጣ። ላሟን ሲያይ ወደ እሷ ቀረበ። ዲንኪቱ ቢላዋ ዘረጋችለት።

«እረዳት። ጥንብ ከምትሆን ነፍሷ ሳይወጣ እረዳት።»

ቢላዋውን ተቀበለና ስለቱን በአውራ ጣቱ ይፈትን ጀመር።

«ምነው? የወርቅ ኮርቻው ከብዶህ ነው?»

«የምን ወርቅ! ከሰኞ ጀምሮ ዐለት ላይ ነን። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። አለቃውም ያውቃል።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ስትቆፍሩ ዋላችሁ?»

«ቆፍረን የጣልነውን አፈር። ጠዋት መልሰን ከተትነው፤ ከዚያ ደግሞ ስናወጣው ዋልን። አንድ ደጃዝማች ሊጎበኙ ይመጣሉ ተብሎ ነው፤ ሥራ ፈትተን እንዳያገኙን።»

ዲንኪቱ በላሟ ራስ በኩል ተንበረከከች። ቀንዷን ይዛ አንገቷን አቃናችለት።

«መጡ?»

«አልመጡም።»