ስሜ ከትራኩ ሳይወጣ አልቀመጥም

ኮሎምበስ ዳር ሂሊያርድ ያለውን ቤቴን የገዛሁበት ብድር ወለዱ የማይለወጠው ለአምስት ዓመት ብቻ ነበር። አምስቱ ዓመት በማርች ያልቃል። ከዚያ ወለዱ ሲጨምር ወርሃዊ ክፍያውን በእኔ ደመወዝ አልችለውም፤ ስለዚህ ቀደም ብዬ ብድሩን በአዲስ ውል ላሳድስ ተነሳሁ። የባንኳ ሴትዮ ወረቀቶቼን አገላብጣ፣ ሁሉም ደህና ነው፣ ይሄ የትራክ ዕዳ ግን ምንድነው አለችኝ።

ትራኩ የጋሼ ሙሐመድአወል ነው። የኮሎምበስ የመጀመሪያ ክረምቴን ያሳለፍኩት እሳቸው ቤት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ቤቴ መጥተው፣ «ሙሚና፣ ከአንቺ በቀር ሰው የለኝም፤ ኮሳይን ካላደረግሽልኝ አልቀመጥም» ብለው በሩ ላይ ቆሙ። አባቴን የሚያህል ሰው አቁሜ እንዴት እምቢ እላለሁ? እሳቸው ካልከፈሉ እኔ ልከፍል ብድሩ ላይ ፈረምኩ። አሁን ስሜ ከዚያ ዕዳ ካልወጣ ባንኩ አያድስልኝም።

በስልክ ስለምናቸው ከረምኩ። «ሰኞ አበዳሪዎቹን ኮል አደርጋቸዋለሁ» ይሉኛል። የእሳቸው ሰኞ ደግሞ አይመጣም። ይሉኝታዬ ቤቴን ሊያሳጣኝ ነው ብዬ፣ ቅዳሜ ግሮቭፖርት ቤታቸው ድረስ ነዳሁ።

ባለቤታቸው እትዬ ሸይማ ምሳ አቅርበው ጠበቁኝ። ጫማዬን አውልቄ ምንጣፉ ዳር ቆምኩ።

«ቁጭ በይ እንጂ!» አሉ ጋሼ።

«ስሜ ከትራኩ ሳይወጣ አልቀመጥም።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። እትዬ ሸይማ ወጡን መልሰው ከደኑት። እፍረቱ ፊቴን አቃጠለኝ፤ ግን ንቅንቅ አላልኩም።

«ክሬዲቴ ብቻውን ለብድሩ አይበቃም» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሌላ ፈራሚ ይፈልጋሉ።»

«ሰልሳቢልስ? ነርስ አይደለች እንዴ?»

«ልጄን ልለምን?»

ደሜ ፈላ። «እኔን ሲለምኑኝስ?»

«አንቺንም እንደ ልጄ አይቼሽ ነው።»

«እንደ ልጅዎ ቢያዩኝማ አይለምኑኝም ነበር።»

ጋሼ ስልካቸውን አወጡና ስፒከሩን ከፍተው ለልጃቸው ደወሉ።

«ዳድ፣ አይ ቶልድ ዩ!» አለች ሰልሳቢል ገና ሰምታ ሳትጨርስ። «ያኔም እኔ ልፈርም ብዬህ እምቢ ያልከው አንተ ነህ። የማመልከቻውን ሊንክ ላክልኝ።»

ከአንቺ በቀር ሰው የለኝም ብለውኝ ነበር። ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም። አባትና ልጅ ማመልከቻውን በየስልካቸው ሞልተው ላኩ። ጋሼ ከዚያ ተነስተው አጠገቤ ቆሙ፤ የትራኩ ዕዳ ከእኔ ስም ወጥቶ ወደ ሁለቱ ስም መዞሩ ተፈቅዷል የሚል መልስ እስኪመጣ ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን።

«በይ አሁን ቁጭ በይ ልጄ» አሉኝ።

ቁጭ አልኩ። «ልጄ» ያሉኝን ገና አላመንኳቸውም፤ ወጡን ግን በላሁ።