ሐሴት ሊቀመንበሩን የተረጎመችበት እሁድ

እህቴ ሐሴት ከስፔን ስትመጣ አንድም የአማርኛ ቃል አልነበራትም። በማደጎ የሄደችው በሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ ሞቶ፣ እማዬ ደግሞ ሳንባ ነቀርሳ ይዟት አትተርፍም ተብሎ ነበር። ተርፋ፣ ቆይታ ሌላ አግብታ እኔን ወለደች። ጥሩ አደረገች።

አሁን ሐሴት ከአሳዳጊዋ ከማሪሶል ጋር ወደ ከተማችን ወደ ሚዛን መጥታለች። እሁድ እማዬ ቸርች ውስጥ ቆማ ማሪሶልን ልታመሰግን ነው። አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቃታል።

«ሎሚዬ፣ ልጇን ጥላ ነው የሰጠችኝ ብላ እንዳታስብብኝ።»

ንግግሩን መምህር በዛብህ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመውታል። ወደ ስፓኒሽ የምትመልሰው ሐሴት ናት። ቅዳሜ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ስናየው ግማሹ ማዕረግ ብቻ ነው፤ የተከበሩ የቀድሞ የቀበሌ ሊቀመንበር፣ የተከበሩ የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ… ሐሴት እስክሪብቶዋን ወረወረች። እነሱ ስፔን ውስጥ ቸርች አይሄዱም፣ ቀበሌም የላቸውም።

«እንዝለለው?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«እማዬ ትገድለናለች!»

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። የእሷም እንግሊዝኛ ቢሆን ያን ያህል አያስቀናም። የሰዎቹን ውለታ ማስረዳቱ ሲያቅተኝ ባጃጅ አስቁሜ ወደ ሰዎቹ ወሰድኳት።

ያኔ ሊቀመንበር የነበሩት ጋሽ ይርዳው ግቢያቸው ውስጥ ቡና እያሰጡ ነበር።

«ይቺ ናት? ታማ በሞተሬ አማን ሆስፒታል ያደረስኳት? ጃኬቴ ላይ አስታውካብኛለች እኮ!»

ሞተሩን፣ ዳገቱን፣ ትውከቱን ሁሉ በእጄና በአፌ ሠራሁላት። ሐሴት ሳቀች።

የሴቶች ኅብረቷ ሰብሳቢ እትዬ ንጋቷ ደግሞ ጉንጯን ይዘው አለቀቋትም።

«እናትሽ ሆስፒታል ሳለች በየተራ እኛ ጋ ነው ያደርሽው። እኔ ጋ ደግሞ ካልታዘልሽ አትተኚም! ወገቤን ጨረስሽው!»

የሐሴትን ቦርሳ እንደ ሕፃን አዝዬ ግቢውን ዞርኩላት።

«ሁሉም?» አለችኝ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ማዕረጎች እያሳየችኝ።

«ሁሉም።»

እሁድ እማዬ ቆመች። «የተከበሩ የቀድሞ የቀበሌያችን ሊቀመንበር» አለች። ሐሴት ወረቀቱን አላየችውም። ለማሪሶል ብዙ አወራቻት፤ ሞተር ያዘች፣ ዳገት ወጣች፣ ጃኬት ጠረገች።

«ኧረ እኔ ይህን ሁሉ አልጻፍኩም!» አሉ መምህር በዛብህ።

ማሪሶል ተነስታ ጋሽ ይርዳውን አቀፈቻቸው። «የሴቶች ኅብረት» ሲባል ሐሴት ጎንበስ ብላ ጀርባዋን መታ መታ አደረገች። ማሪሶል እትዬ ንጋቷን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ እማዬ ፊት መጥታ አንድ ነገር አለች። ሐሴት በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ ተቀባበልነው።

«እማዬ፣ ‹ብቻዬን ያሳደግኳት መስሎኝ ነበር› ትላለች።»

እማዬ የቀረውን ንግግር ተወችው። «እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ጋሽ ይርዳው ከኋላ ቀሚሴን ሳብ አደረጉኝ።

«አንቺ፣ የጃኬቱን ነገር ነገራችኋት?»

«እሱንማ አስቀድመን ጋሼ!»