ማኅተም ያረፈበት አየር

ካውያ የሚሏት በሥራዋ ነው፤ የምሳ እረፍት በማይታወቅበት አንድ ላውንደሪ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ልብስ ተኩሳለች። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ልብስ አቃጥላ አታውቅም፤ ባለፈው ሳምንት ብቻ ግን ሦስት ኮሌታ አሳረረች። አሠሪዋ ጠርታ፣ አራተኛው ያረረ ቀን ሥራ እንደሌላት ነገረቻት።

እንቅልፍ አልነበራትም። አከራይዋ፣ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ የክፍሏን ብቸኛ መስኮት ከውጭ በቆርቆሮ መትተው የዶሮ ቤት አስደግፈውበታል። የዶሮው ሽታ ይገባል፤ አየር አይገባም። ጎረቤቶቿ ደግሞ "ሐሳብ አታብዢ" ይሏታል። ሐሳብ አታብዢ የሚል ሰው ሁልጊዜ መስኮት ያለው ሰው ነው።

እያለቀሰች ስትተኩስ ያየቻት ታላቅ እህቷ እጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ወጣቱ ሐኪም የታተመ መጠይቅ አውጥቶ የምግብ ፍላጎቷ ቀንሶ እንደሆነ ጠየቃት።

"ፍላጎቱስ ሞልቷል፤ የቀነሰው ምግቡ ነው።"

ሐኪሙ ለዚህ መልስ የሚሆን ሳጥን ቅጹ ላይ ፈልጎ አጣ። ያለ ምክንያት ትሰጊያለሽ ወይ ሲላት፣ ምክንያት ያለው ሰው ይህን ጥያቄ ይዘለው እንደሆነ መልሳ ጠየቀችው። ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች ሥጋት ሁሉ ከሰማይ የሚወርድ ይመስላቸዋል፤ ጓዳቸው ሙሉ ነዋ።

ሐኪሙ ደግነቱ ማፈር ያውቃል። ክኒኑን ትቶ በመድኃኒት ማዘዣው ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ ምግብ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ንጹህ አየር፣ ጠዋትና ማታ። እንቅልፍ፣ ስምንት ሰዓት። ፈረመ፤ ከዚያ ቤት ወረቀት ያለ ማኅተም ስለማይወጣም ክቡን ማኅተም አሳረፈበት።

እህቷ ሳቀች። ካውያ ግን በቀጥታ መድኃኒት ቤት ሄዳ ተሰልፋ ወረቀቱን አቀረበች። ባለሙያው በወጉ እንኳ ሳያነበው፣ ይሄ የለንም እናቴ፣ ከትልቁ ሆስፒታል ጀርባ ሞክሪ አላት።

"ሦስቱም?"

"ካለቁ ቆዩ።"

ከእህቷ ጋር ከመድኃኒት ቤቱ ስትወጣ አከራይዋ ትዝ አሏት። ሰውዬው በሥራ ዘመናቸው፣ በስሕተት ሞቷል ተብሎ የተመዘገበን ሰው፣ በሕይወት ስለመኖርህ ማኅተም ያለው ማስረጃ አምጣ ብለው የመለሱ ናቸው። ይህንንም እንደ ጀብዱ ያወሩታል።

ቤት ደርሳ ስትሰጣቸው ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን ሰኩ። ቁጥሩን አዩ፣ ቀኑን አዩ፣ ማኅተሙን ወደ ፀሐይ አዙረው አዩ።

"ንጹህ አየር ይላል። ይሄ እኔን ይመለከታል?"

"ጋሼ፣ የምኖረው እርስዎ ቤት ነው። አየሩ በሌላ በየት ይገባል?"

"አልፈጽምም ብልስ?"

"መብትዎ ነው። ያልፈጸሙበትን ምክንያት ብቻ ከታች ጽፈው ይፈርሙልኝ።"

ጋሼ የዘረጋችላቸውን እስክሪብቶ እንደ እባብ አዩት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከምክንያት በታች ፈርመው አያውቁም፤ ጡረታቸውን በሰላም የበሉትም በዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ መዶሻ መጣ፣ ቆርቆሮው ወረደ፣ ዶሮዎቹም ሌላ ቦታ ስለታጣላቸው በጋሼ በራሳቸው መኝታ ቤት መስኮት ሥር ሰፈሩ።

ካውያ ተኛች። ሳምንቱን ሙሉ አንድም ኮሌታ አላረረም። ዓይናቸው በእንቅልፍ ማጣት የቀላው ጋሼ ናቸው። ትእዛዙ ስለተፈጸመ ወረቀቱን ፋይል ላድርገው ብለው ለመኗት።

"ገና ነው ጋሼ። የእርስዎ ሁለተኛው መስመር ነበር፤ አንደኛው፣ ምግቡ፣ የአሠሪዬ ነው።"

በማግስቱ ልክ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን የተጨማደደውን ወረቀት መተኮሻው ላይ ዘርግታ፣ ማኅተሙን በጥንቃቄ እየዞረች፣ ሳታሳርር ተኮሰችው። ከዚያ የአሠሪዋን በር አንኳኳች።