አባ ኤቢሳ

"ዓይንዎን ይጨፍኑና ትንፋሽዎን ብቻ ይከተሉ" ባለችው ቁጥር የኋላሸት የሚሰማው ትንፋሹን አልነበረም። የሚሰማው ከአርባ ዓመት በፊት በግድግዳ ማዶ የሰማው ወሬ ነበር።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ኩፍኝ ይዞት ጓዳ ተኝቷል። ሳሎን አባቱና አንድ ድምፃቸው የጎረነነ ሽማግሌ ስለ ጠፋ የሰው ነፍስ ያወራሉ፤ ማን ማንን እንደገደለ አሁን አያስታውስም። "የታረቀ ደም አይነሳም" አሉ ሽማግሌው። "ያነሳው ሰው ግን..." እዚህ ላይ በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ተንጫጫ። ሲያባራ ወሬው አልቆ ሽማግሌው ዱላቸውን እየፈለጉ ነበር። የኋላሸት የቀረውን አልሰማም። ባልሰማው ቦታ ግን ከዓመት ዓመት የራሱን ፍጻሜ ሲያስገባ ኖሯል፤ ያነሳው ሰው ቤቱ ይፈታል፣ ያነሳው ሰው ልጁን ይቀብራል።

"ስንት ደረሱ?" አለችው ሲስተር ሚልካ።

"ሰባት" አለ። አልቆጠረም ነበር።

ሚልካ በአሰላ ጤና ጣቢያ የምክር ክፍል የምትሠራ፣ ሠላሳ ያልሞላት ባለሙያ ናት። የኋላሸት ወደ እሷ የተላከው በልቡ ሰበብ ነው። በሚሠራበት ጋራዥ አንድ ኮምባይነር ለጥገና ገብቶ፣ ሁለት ሜትር ወደኋላ እንዲያወጣው ጠየቁት። ሃያ ዓመት ስንዴና ገብስ ያጨደው በእንዲህ ያለ ማሽን ነው። ከተወው አራት ዓመት ቢሆነውም እምቢ ማለት አሳፍሮት ወጣ። ማርሹን ወደኋላ ሲያስገባ ደረቱ ተጨመቀ፣ ጣቶቹ ደነዘዙ፤ ሁለት ሰዎች ደግፈው አወረዱት። ሐኪሙ መርምሮ ልብህ ጤነኛ ነው አለው። የኋላሸት ይሄ አልገባውም። ልቡ ጤነኛ ከሆነ የታመመው ምኑ ነው?

ሦስት ሐሙስ ተመላልሷል። ሦስቱንም በትንፋሽ ቆጠራና በዝምታ ነው ያሳለፈው። ዛሬ ሚልካ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ፣ ትንፋሹ ለጊዜው እንደሚያረጋጋው፣ ማሽኑ ምን እንዳስታወሰው ካልነገራት ግን ከደጃፉ እንደማያልፉ አስረዳችው።

"አልችልም" አላት።

"ይከብድዎታል። አውቃለሁ።"

"ከብዶኝ አይደለም፣ እህቴ። ምያለሁ።"

የኋላሸት መሐላው ስለ ምን እንደሆነ ሳይነግራት ተነሳ። የሚቀጥለውን ሐሙስ አራት ሰዓት ጻፈችለትና ሸኘችው።

መንገድ ላይ የጭላሎ ተራራ ንፋስ ፊቱን እየመታው የማይነገረውን ለራሱ ደገመው። አራት ዓመት ሆነው። ጢቾ አጠገብ፣ የአቶ ነገሳ ማሳ ላይ ስንዴ ሲያጭድ ማሽኑን ወደኋላ መለሰ። የነገሳ የበኩር ልጅ ኤቢሳ የወደቀ ጆንያ ሊያነሳ ከኋላ ገብቶ ነበር። ሲሞት ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሕጉ አደጋ ነው ብሎ የኋላሸትን ለቀቀው። የአገሩ ሽማግሌዎች ግን ደም ደም ነው ብለው ጉማ አስቀመጧቸው፤ የደም እርቅ ማለት ነው። በግ ታረደ። የኋላሸትና ነገሳ እጃቸውን በአንድ ገበቴ ታጠቡ። ይህ ነገር ከዛሬ በኋላ በማንም አፍ እንዳይነሳ ሁለቱም ማሉ። የኋላሸት ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚስቱ እንኳን አላነሳም።

አንድ ነገር ግን ፖሊስም ሽማግሌም አልጠየቁትም። ጩኸት ሰምቶ ነበር። ኤቢሳ ቀልደኛ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ማሽኑ ወደኋላ ባለ ቁጥር "ኧረ ሞትኩ!" ብሎ ይጮህና የኋላሸት ደንግጦ ፍሬን ሲይዝ ከጆንያው ላይ ተንጋሎ ይስቅበታል። ሦስት ጊዜ አስደነገጠው። በአራተኛው የኋላሸት ፍሬን አልያዘም። ይህን ቢናገር ሟቹን የወቀሰ ይመስለዋል፤ ባይናገር ደግሞ ደረቱ ላይ ተቀምጧል። የቱ ይብሳል?

ሚስቱ ሐመልማል ድንች እየላጠች ጠበቀችው። ዛሬስ ብትለው ትንፋሽ መቁጠሩን ነገራት።

"ሦስት ሐሙስ ሙሉ መተንፈስ" አለች። "ይሄንማ እዚሁ ቤትህም ትተነፍሳለህ። ደግሞ ዓይን ጨፍኖ መጸለይ የጴንጤዎቹ አይደለም እንዴ? የእኛ ዓይን ገልጦ ሥዕሉን ማየት ነው።"

"ጸሎት አይደለም አለችኝ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

እሱም አላወቀም። ምን እንደሆነ ስላልገባው ቤት ሲቀመጥ ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ ትንፋሹን በመቁጠሪያው እየቆጠረ፣ በየመሃሉ "አቤቱ ማረኝ" ይጨምርበታል። ሁለቱንም ካደረገ አንዱ አይስትም ብሎ ነው። ሐመልማል ላጡን ሰበሰበችና በለሰለሰ ድምፅ፣ በእንቅልፍ ልቡ የሚጮኸውን ጩኸት ልጆቹ መስማት እንደጀመሩ ነገረችው። የነፍስ አባቱን እንዲጠይቅ ለመነችው።

እሁድ ቅዳሴ ሲያበቃ አባ ገብረ መድህንን ከዋርካው ሥር አገኛቸው። ትንፋሹን፣ መቁጠሪያውን፣ መሐላውን ሁሉ ነገራቸው። አባ፣ ትንፋሽን የሰጠ እግዚአብሔር ስለሆነ ሰው ቢቆጥረው የሚጎዳው እንዳልመሰላቸው ተናገሩ። መሐላው ላይ ሲደርሱ ግን ፊታቸው ጨለመ።

"ለእኔስ ከመሐላው በፊት ነግረኸኛል" አሉ። "ሰው በእጄ ጠፋ ብለህ ተናዝዘሃል፣ ንስሐህንም ፈጽመሃል። ሌላ የቀረ አለ?"

"አለ፣ አባቴ።"

"ልትነግረኝ ትፈልጋለህ?"

የኋላሸት አንገቱን ደፋ። ለእሳቸውም መንገር ማንሳት ነው።

አባ አላስገደዱትም። "ልጄ፣ እኔ የማውቀው ኃጢአትን ነው። ይሄ ኃጢአት ይሁን በሽታ መለየት አቃተኝ። መሐላ ግን ብቻህን አልማልክም። አብሮህ የማለውን ጠይቅ።"

ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ጢቾ ወረደ። ከአስፋልቱ ወደ ነገሳ ቤት የሚወስደውን ጭቃ ሲያቋርጥ የሚለውን እየቀየረ ይለማመድ ነበር። ሽማግሌው ከደጃቸው ላይ የላላ አጥር ያጠብቃሉ። ከቀድሞው ኮስሰዋል። የኋላሸት የተለማመደው ሁሉ ጠፋበትና በድሮው ልማድ አፉ ቀደመው።

"አባ ኤቢሳ፣ እንደምን አደሩ?"

ያለውን ሲያውቅ ደነገጠ። አገሩ ሰውን የእገሌ አባት እያለ በበኩር ልጁ ስም ይጠራል፤ ከእርቁ ወዲህ ግን ይህን ስም የጠራ የለም። ሁሉም "ኦቦ ነገሳ" ነው የሚላቸው፤ አቶ ነገሳ ማለት ነው። ሽማግሌው የያዙትን እንጨት እንደያዙ ቆሙ። ፊታቸው ይቆጣ ያልቅስ አልለየለትም።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሳላስበው ነው።"

"ኮቱ" አሉ፤ ና ማለታቸው ነው። ከግንዱ ላይ አስቀመጡትና ራሳቸው ቆመው ቀሩ። "አራት ዓመት ማንም እንዲህ ብሎ አልጠራኝም። እናቱም ፈርታ አትጠራኝም። የራሴን ስም የሰረቁኝ ነው የሚመስለኝ።"

የኋላሸት እየተንተባተበ የመጣበትን ተናገረ። የጋራዡን ነገር፣ ልቡ ጤነኛ ነው መባሉን፣ ሲስተሯ ዓይኑን አስጨፍና ትንፋሽ ማስቆጠሯን፣ ካልነገሩኝ አናልፍም ማለቷን፣ መሐላው ማሰሩን። በመጨረሻ በረዶ የሸፈነበትን የልጅነቱን ወሬ አነሳ።

"የታረቀ ደም ያነሳ ሰው ምን ይሆናል? እርስዎ ያውቃሉ?"

ነገሳ ወደ ማሳቸው ዞሩ።

"አላውቅም። ያስማሉን ሽማግሌዎች ሁለቱም አልፈዋል፤ ማንን ልጠይቅ? አንዳንዴ የማልነው ዳግም እንዳንካሰስ፣ ልጆቻችን እንዳይጋደሉ ነው እላለሁ። ደግሞ አይ፣ ማንሳት ማንሳት ነው እላለሁ። ሳላነሳ ምን እንደሆንኩ ግን አውቃለሁ። ማታ ማታ ከከብቶቹ ጋር ነው የማወራው። ላሟን እንኳን ሰለቸኋት።" ሊስቁ ሞከሩ።

የኋላሸት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ መቁጠሪያ የቆጠረው ትንፋሽ ይሄ ነው።

"ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ" አለ። "ስለዚያች ሰዓት። ቢሰሙት ይጠሉኝ ይሆናል።"

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ፣ እንዳይቀጥል። "እዚህ አይሆንም። እናቱ ቤት ናት። እኔም ቆሜ የምሰማው አይደለም።" ትንሽ አሰቡ። "ሲስተር ያልካት ልጅ የማን ልጅ ናት?"

"እንደ እርስዎ ፕሮቴስታንት ትመስለኛለች።"

"እሱን አልጠየቅኩም። የታመነች ናት ወይ ነው የምልህ። የሰማችውን ገበያ ታወጣዋለች?"

"አታወጣም። በሩን ትዘጋለች።"

"ሽማግሌ ትቀበላለች?"

የኋላሸት ቀና ብሎ አያቸው። ይህን አልጠበቀም። አራተኛውን ጩኸት እኚህ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲሰሙ ታየው። ደረቱ እንደ ጋራዡ ቀን ጭምቅ አለ። አይምጡ ሊል ነበር። ከዚያ ለምን እንደመጣ አሰበ።

"ትቀበላለች" አለ። "ሐሙስ አራት ሰዓት ነው። መናኸሪያ ወጥቼ እቀበልዎታለሁ።"

ነገሳ ወደ አጥራቸው ተመልሰው እንጨቱን ከጉድጓዱ ከተቱ፣ በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉት።

"እሺ፣ እመጣለሁ" አሉ ሳይዞሩ። "ግን ለልጅቷ ቀድመህ ንገራት። ዓይኔን አልጨፍንም።"