ማሜ ሴርዋ የቆለፈችው ሽንት ቤት

ማሜ ሴርዋ ኩማሲ ገበያ የታጨሰ ዓሣ ትሸጣለች፤ ገበያ ላይ ደግሞ ውሃ አትጠጣም። ጥማት የማይነካት መስሏችሁ እንዳይሆን፤ ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቆ ነው የሚውለው። ግን ውሃ የጠጣ ይሸናል፤ የሚሸና ደግሞ መደቡን ጥሎ ሄዶ ወረፋ ይይዛል፤ እስኪመለስ ደንበኛውን የጎረቤት መደብ ወስዶታል። ስለዚህ የዓሣ ሻጮች ወግ የታወቀ ነው፦ ጠዋት አጥሚት ፉት ብሎ መውጣት፣ ማታ ቤት ገብቶ መሽናት። ይህን ያልቻለችውን «ፊኛዋ የሕፃን ነው» ብለው ይስቁባታል። በማሜ ሴርዋ ማንም ስቆ አያውቅም።

ማቃጠሉ የጀመራት ከፋሲካ በኋላ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ፣ ኋላ ላይ በርበሬ የምትሸና እስኪመስላት ድረስ። ትሄዳለች፣ ጠብ ታደርጋለች፣ ትመለሳለች፤ ገና ቁጭ ከማለቷ ደግሞ ይመጣባታል። ሽንቷ ደፈረሰ፤ ሽታው ተለወጠ፤ ከእምብርቷ በታች ይጫናት ጀመር። ለማን ይነገራል ይሄ? ባሏን ከቀበረች ቆይታለች። የቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ማኅበር መሪ ናት፤ እሁድ እሁድ ነጭ ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። እንዲህ ያለች ሴት «እዚያ ቦታ ያመኛል» ብላ አፏን ብትከፍት፣ ኧረ ጌታዬ! «ባል የሌላት ሴት ከየት አመጣችው?» ነው የሚሉት። እሷም ስለ ሌላዋ ብትሰማ የምትለው ይህንኑ ነበር፤ ለዚህ ነው የፈራችው።

ደግነቱ ለዚህ ነገር አገሩ ስም አውጥቶለታል፤ «የሽንት ቤት በሽታ» ይባላል። ከቆሸሸ ሽንት ቤት ሙቀቱ ተነሥቶ ሴት ላይ ይገባል ይላሉ። ድምፅ ማጉያ አንግቶ በገበያው የሚዞረው መድኃኒት ሻጭም ቀኑን ሙሉ የሚለፍፈው እሱኑ ነው። ማሜ ሴርዋ ሻሿን ወደ ፊቷ ጎተት አድርጋ ቀይና ቢጫ እንክብል ገዛች። ሁለት ስትውጥ ጋብ አለላት፤ የቀረውን ለሌላ ጊዜ ብላ በመቀነቷ ቋጠረች። ሌላ ጊዜው አልዘገየም። ተመለሰባት፤ ደግሞ ሁለት ዋጠች፤ ደግሞ ተመለሰ።

ታዲያ ከየትኛው ሽንት ቤት ያዛት? ገበያ ላይ አትሸናም። የምትቀመጠው ክፍል በምታከራይበት እግቢዋ ባለው፣ በገዛ እጇ በበረኪና በምትፈገፍገው ላይ ብቻ ነው። ተከራዮቿ ሁሉ ዘመናቸውን እዚያው ሲቀመጡ ኖረዋል፤ አንድም የታመመ የለም። አዲስ የመጣው ማነው? ላሚሲ!

ላሚሲ ከሰሜን፣ ከባውኩ የመጣች ልጅ ናት። ባሏ አቡግሪ የሽንኩርት መኪና ይነዳል፤ ቤቱ መንገድ ላይ ነው ማለት ይቀላል። እሷ በጥጉ ክፍል ፀጉር ትሠራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገና መግፋት ጀምሯል። ድምጿ አይሰማ፤ ታላቅ ሰላም ስትል በርከክ ትላለች። ግን የሰው አገር ሰው ናት። ጥፋተኛ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልገዋል?

አንድ ጠዋት ተከራዩ ሁሉ ቧንቧው ዙሪያ ባልዲውን ደርድሮ ሳለ ማሜ ሴርዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች።

«አንቺ ልጅ! ከመጣሽ ወዲህ ይሄ ሽንት ቤት ሰው ማሳመም ጀምሯል።»

«ማንን አሳመመ፣ ማሜ?»

ይህን ጥያቄ አላሰበችውም። «ሰው!» አለች። «ሰው ነው የምልሽ! አትሰሚም?»

«እኔ ምንም የለብኝም፣ ማሜ። ደግሞ እርስዎ ሳይነሡ ነው ሁልጊዜ የማጥበው።»

«በምን? በበሽታሽ ነው የምታጥቢው?»

ኬንኬ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ ቅቅል የምትሸጠው ኮናዱ ከት ብላ ሳቀች። ኮናዱ የማሜ ሴርዋ እኩያና የቆየች ተከራይ ናት፤ ምላሷ ቤት ኪራይ የማይከፍል። «ተይ እንጂ ሴርዋ! ልጅቷ ብቻዋን አልተቀመጠችበትም እኮ፤ ሆዷ ውስጥ ያለውም አብሯት ነበር። ከከሰስሽ ሁለቱንም ክሰሽ!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ላሚሲ ባልዲዋን ሳትሞላ አንሥታ ገባች። ማሜ ሴርዋን ሳቁ ይበልጥ አነደዳት፤ በዚያው ቀን ጓጉንቸር ገዝታ ሽንት ቤቱን ቆለፈችው። ቁልፍ አስቀርጻ ለየተከራዩ አደለች። ለላሚሲ አልሰጠቻትም።

ልጅቷ አልተከራከረችም። ከመኪና ተራው ማዶ የሕዝብ ሽንት ቤት አለ፤ ከፍለው፣ ቁራጭ ጋዜጣ ይዘው፣ ተሰልፈው የሚገቡበት። ሲመሽ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል የሚያልፈው ሰካራም ብቻ ነው። ስለዚህ ላሚሲ ማንም ሳያስተምራት የዓሣ ሻጮችን ወግ ያዘች። ውሃ መጠጣት ተወች፤ የመጣባትንም እስኪነጋ ጥርሷን ነክሳ ትይዛለች። እርጉዝ ሴት፣ ልብ በሉ!

ብዙም ሳይቆይ ፊቷ ገረጣ። ባልዲ ስታነሣ ጎኗን ትይዛለች፤ ቆም ትላለች። ማሜ ሴርዋ ይህን አይታ ምን እንዳለች ልንገራችሁ? ደስ አላት! «አላልኩም?» አለቻት ኮናዱን። «ይኸው በሽታዋ ወጣ።»

«እርጉዝ ናት እኮ። ወገቧን ቢያማት ምን ይገርማል?»

«የእርግዝና ወገብ እንዲህ አይደለም።»

በዚህ እንኳ ልክ ነበረች፤ እግዜር ይቅር ይበላት። ሕመሙን ማንም ሳያየው አየችው፤ አይታም ምንም አላደረገች። ኋላ ላይ እንቅልፍ የነሣት ከሁሉም በላይ ይህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ደንበኛ ፀጉሯን ልትሠራ መጥታ የላሚሲን በር ብትመታ መልስ የለም። ኮናዱ ገፋ አድርጋ ገባች፤ ወዲያው ጩኸቷን ለቀቀችው። ልጅቷ በዚያ ሁሉ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንባ ጥርሷ ይንገጫገጫል። አስመልሷታል። ሰውነቷ ሲነኩት እሳት ነው። አቡግሪ ሰሜን ነው፤ ስልኩ አይሠራም። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ማሜ ሴርዋ ናት፤ ታክሲ አስጠርታ ከኮናዱ ጋር ይዛት ወጣች። በታክሲው ውስጥ የላሚሲ ራስ ጭኗ ላይ ወደቀ፤ ትኩሳቱ በቀሚሷ አልፎ ቆዳዋን አቃጠላት።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለቻቸው አዋላጅ ነርስ ሲስተር ድዚፋ ትባላለች፤ ስትናገር የማትቸኩል ሴት። መጀመሪያ በእንጨት ማዳመጫዋ የሆዷን ልጅ አዳመጠች፤ አለ፣ ግን ልቡ ይሮጣል። ከዚያ ወደ እናትየው ዞረች።

«ስትሸኚ ያቃጥልሻል?»

«አዎ።»

«ቶሎ ቶሎ ይመጣብሻል?»

«ይመጣል… አይወጣም።»

«ቆይቷል?»

«ቆይቷል።»

«ታዲያ ለምን አልመጣሽም፣ የኔ እናት?»

ላሚሲ ዓይኗን ጨፈነች። «የተባልኩት እውነት ነው እንዳይሉኝ ብዬ» አለች።

ሲስተር ድዚፋ ከጎድን አጥንቷ በታች ጀርባዋን በጡጫዋ ቀስ አድርጋ መታ ብታደርጋት ልጅቷ ጮኸች። «መጀመሪያ የሚወጣውን ልቀቂው፣ መሃሉን ያዢልኝ» ብላ ብልቃጥ ሰጠቻት፤ ኮናዱ ደግፋ ወሰደቻት። የመጣው ሽንት የሩዝ እጣቢ ነው የሚመስለው። ነርሷ ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት ነከረችበት፤ ጥቂት ጠብቃ ስታየው ቀለሙ ተለውጧል።

«የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። ከፊኛ አልፎ ኩላሊት ደርሷል። እዚሁ ትተኛለች፤ መድኃኒቱ በደም ሥር ነው የሚሰጣት። የቀረውን ሽንት ላቦራቶሪ እልከዋለሁ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው በደንብ እንዲታይ። የምፈራው ምጡ ያለጊዜው እንዳይመጣባት ነው። ቢመጣ ይህ ልጅ ገና ጊዜው አልደረሰም፤ አይተርፍም።»

«የሽንት ቤት በሽታ ነው አይደል፣ ሲስተር?» አለች ማሜ ሴርዋ። እንዲያው አዎ እንድትላት ፈልጋ ነው፤ ለምና ነው።

«እንደሱ የሚባል በሽታ የለም፣ ማሜ። ይህ ተህዋሲ የራሳችን አንጀት ውስጥ የሚኖር ነው፤ ሴት ቧንቧዋ አጭር ስለሆነ በቀላሉ ይሻገራል። እርግዝና ደግሞ መንገዱን ያሰፋለታል። ሰው ውሃ ጠጥቶ ሲሸና ታጥቦ ይወጣል። ይህቺ ልጅ ግን ከንፈሯ እንኳ ደርቋል፤ ሽንቷን ስትይዝ ነው የከረመችው። ቤታችሁ ሽንት ቤት የለም እንዴ?»

ኮናዱ፣ ያቺ ምላሰኛ ኮናዱ፣ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። መልሱ የመጣው ከአልጋው ነው።

«አለ» አለች ላሚሲ። «እኔን… ይርቀኛል።»

ይርቀኛል! ከበሯ እስከዚያ ሽንት ቤት ምራቅ ቢተፉ ይደርሳል። በትኩሳት እየነደደች፣ ልጇን ለማጣት አፋፍ ላይ ሆና፣ የአከራይዋን ገመና ሸፈነችላት። ማሜ ሴርዋ ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አለች። ብትሰድባት በተሻላት፤ ለስድብ መልስ ነበራት።

«አይርቅም» አለች። ድምጿ የራሷ አልመስላት አለ። «ቆልፌባት ነው።»

ሲስተር ድዚፋ አልተቆጣችም። «ለምን?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

«እኔን ስለሚያቃጥለኝ።»

ያን ሁሉ ጊዜ ቀብራ የያዘችው ነገር እንዲህ ሆኖ ወጣ፤ በኮናዱ ፊት፣ ወለሉን በምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛ ፊት። ነርሷ ለሷም ብልቃጥ ሰጠቻት፤ ወረቀቱ ሲነከር ያው ቀለም ወጣ። ገበያ ላይ ውሃ ይጠጣሉ ወይ ተባለች፤ አልጠጣም። መድኃኒት ወስደዋል ወይ ተባለች፤ መቀነቷን ፈትታ ቀይና ቢጫውን እንክብል መዳፏ ላይ ዘረገፈች።

«ሁለት ሁለት እየዋጡ አለማመዱት እንጂ አልገደሉትም» አለች ሲስተር ድዚፋ። «አሁን የምሰጥዎትን ቢሻልዎትም እስኪያልቅ ይውሰዱ። ውሃ ይጠጡ። ሽንት ሲመጣ ደግሞ አይያዝም፤ ገበያም ቢሆን፣ ጸሎት ላይም ቢሆኑ ተነሥተው ይሂዱ። የሚያሳፍር በሽታ አይደለም፣ ማሜ።»

የሚያሳፍር አይደለም አለቻት! እንግዲያ ይሄ ጉንጯን የሚለበልባት ምንድነው? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? በሽታው የኖረው በራሷ ገላ ነው፤ ያመጣባትም የኮራችበት የገበያ ወግ ነው፤ ያንኑ ወግ በጓጉንቸር አስገድዳ በአንዲት ነፍሰ ጡር ላይ ጫነችው። ሌባ ሌባ ብላ የጮኸችው ሌባዋ ራሷ ናት።

ቤት እንደገባች ጓጉንቸሩን ፈትታ ጣለችው። በማግስቱ ቧንቧው ጋ ሰው ሲሰበሰብ፣ «በሽታው የኔ ነው። ከልጅቷ በፊትም ነበረብኝ። በሐሰት ነው ያዋረድኳት» አለች። ማንም አልሳቀም፤ ኮናዱም እንኳ አጎንብሳ ባልዲዋን ሞላች። ማሜ ሴርዋ ሳቁ ይሻለኝ ነበር አለች በልቧ።

በየቀኑ የዓሣ መረቅ ይዛ ጤና ጣቢያ ትመላለስ ጀመር። ላሚሲ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ማሜ» ብላ ትቀበላታለች፤ ሌላ ቃል የለም። መጀመሪያ ትኩሳቱ ወረደ። የፅንሱ ልብም ረጋ፤ ምጡም ሳይመጣ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሚዋጥ መድኃኒት ሰጥተው አሰናበቷት፤ ማሜ ሴርዋ ጓዟን ተሸክማ አመጣቻት።

በነጋታው ጠዋት ማሜ ሴርዋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የታዘዘላትን ውሃ ስትጠጣ፣ ላሚሲ ክፍሏን ዘግታ፣ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ፣ ክፍቱን ሽንት ቤት አልፋ ወደ ግቢው በር አመራች።

«ላሚሲ! ክፍት ነው እኮ!»

«አውቃለሁ፣ ማሜ» አለች ልጅቷ በርከክ ብላ። «እግሬ ስለለመደ ነው።» ወጣች።

ማሜ ሴርዋ ምን ታድርግ? ተነሥታ ተከተለቻት፤ በመኪና ተራው መሃል አቋርጣ ከወረፋው መጨረሻ ከላሚሲ ጀርባ ቆመች። የማያውቃት የለም። አንዱ ሾፌር «ማሜ ሴርዋ! የርስዎ ተበላሸ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። «አልተበላሸም» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ይህቺን ልጅ ከልክያት ነበር። እዚህ ያቆምኳት እኔ ነኝ።» ላሚሲ አልዞረችም።

የጠጣችው ውሃ ግን ወረፋ አያውቅም። ፊኛዋ ተወጠረ፤ እግሯን አጣምራ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ እንደ ልማዷ ያዘችው። የላሚሲ ተራ ደረሰ፤ በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ያን ጊዜ ዘወር ብላ አየቻት፤ እግሯንም አየች፤ ያን አቋቋም ከሷ በላይ ማን ያውቀዋል? ከበሩ ፈቀቅ አለችላት።

«ሽንት አይያዝም ተብሏል፣ ማሜ» አለች። «እርስዎ ይግቡ።»

ማሜ ሴርዋ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። ገባች፤ በሩን ከውስጥ ስትዘጋው እንባዋ መጣ።