የማይበሰብስ ክዳን

በዚያ ዓመት ዝናቡ በሐምሌ አጋማሽ ቆመ። ገብሱ ሳያፈራ ነጣ፤ ባቄላው አበባ ላይ ቀረ። በታኅሣሥ ጎተራው ሁሉ ባዶ ሆነ። ሰው መጀመሪያ ዘሩን በላ፤ ከዚያ በሬውን ሸጠ፤ ከዚያ ወደ እስቴ ወረደ። ከአናጢው ከደሴ መንደር ብቻ አሥራ አንድ ቤት ተዘጋ። በየካቲት ደግሞ ንዳድ ገባ።

ደሴ ግን አልወረደም። አንዲት ልጁ ተሾመች በንዳድ ተይዛ ነበር። ስድስት ቀን ከጋይንት ቁልቁለት በታች ወዳለው የገብርኤል ጠበል አዝሎ አመላለሳት። በስድስተኛው ቀን ጠበሉ ከሚጠራቀምበት ገንዳ ዳር ቆሞ፣ «ልጄን ብታተርፍልኝ ለጠበልህ የማይበሰብስ ክዳን እሠራለሁ» ብሎ ተሳለ። በማግሥቱ ልጅቱ አጥሚት ጠየቀች።

መሳል ቀላል ነው። ገንዳው ግን ቀላል አልነበረም። ክፍት በመሆኑ ቅጠልና እንቁራሪት ይገባበታል፤ ከብት አፉን ይነክርበታል። ውሃው ለብ ያለ ስለሆነ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ይጨሳል። ከላይ ዝናብ፣ ከታች እንፋሎት ሲያገኘው እንጨት አይበረክትም።

የመጀመሪያውን ክዳን ከባሕር ዛፍ ሠርቶ ምንም ሳይቀባ ገጠመው። በሁለተኛው ክረምት ከውስጥ በኩል እንጉዳይ አበቀለ።

ሁለተኛውን ከዋንዛ ሠራውና ሞራ አቅልጦ ቀባው። ጠፍር በሞራ ሲታሽ ዝናብ እንደማይፈራ ያውቃል። የዘነጋው ሌላ ነበር። በፍልሰታ ጾም ሕዝቡ ለጠበል ሲሰበሰብ ውሃው ላይ ስብ ተንሳፈፈ። እማሆይ ወለተ ሚካኤል የሚባሉ መነኩሲት በቅል ቀድተው ወደ አፋቸው ካስጠጉ በኋላ አሸተቱና መልሰው ደፉት።

«ይህ ፍስክ ነው» አሉ።

የደብሩ ቄስ መምሬ ወልደ ሰንበት ገንዳውን አስጠርገው ሦስት ቀን ጸሎት አደረሱበት። ክዳኑ ማገዶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ደሴ ገበያ በወጣ ቁጥር «ጠበሉን ያስገደፈው መጣ» ይሉታል።

ስምንት ዓመት እንዲህ አለፈ። ተሾመች ተዳረች። የደሴ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጁ የበኩሯን ማርገዟን የሰማ ዕለት እንቅልፍ አጣ። አባት ያልከፈለው ስለት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይሻገራል ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ነው።

ንፋስ መውጫ ወደሚነግደው ወደ ቢሻው ሄደ። ቢሻው ከደብረ ታቦር በበቅሎ ያስመጣው አረንጓዴ ቀለም ነበረው።

«አባ ደሴ፣ ይህን ይቀቡት። ውሃ አይደፍረውም።»

«ከላይ ነው ከታች?»

«ምኑ?»

«ውሃው ከሁለቱም ወገን ነው የሚመጣው።»

«ቀለም ነው እንግዲህ፤ ሞራ አይደል» አለና ቢሻው ሳቀ።

ደሴ በትንሽ ጣሳ ጥቂት አስቀድቶ ተመለሰ። አላመነውም፤ አልናቀውምም።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ መምሬ ጠበል ሲረጩ፣ የደሴ ዓይን መብራት የሚቀመጥበት ሳንቃ ላይ አረፈ። ለመብራቱ የሚነደው ቅባ ኑግ ለዓመታት ተንጠባጥቦበታል። አንዲት የጠበል ጠብታ ወደቀችበት። አልሰረገችም፤ ተንከባልላ ወረደች። ሰዉ ሲወጣ ደሴ ቀርቦ ሳንቃውን በጥፍሩ ነካው። እንደ ቀንድ ደርቋል።

ከዚያ በኋላ ሦስት የዋንዛ ቁራጭ ጠረበ። አንዱን ቀለም፣ አንዱን ሰም፣ አንዱን ቅባ ኑግ ቀባ። በግንቦት ገንዳው አፍ ላይ ደረደራቸውና ክረምቱን በሙሉ ተዋቸው። በመስከረም ገለበጣቸው። ቀለሙ ከላይ እንዳማረበት ነው፤ ከታች ግን ኩፍ ኩፍ ብሎ ሲነኩት ይላጣል፣ ከሥሩ ያለው እንጨት ረስርሷል። ሰሙን እንፋሎቱ አለስልሶ ወደ ጠርዝ ገፍቶታል። ቅባ ኑግ የተቀባው ጠቁሯል፤ ግን ደረቅ ነው።

ወደ መምሬ ሄዶ ነገራቸው።

«ቅባ ኑግ ጾም አያስገድፍም፣ አባቴ።»

«አውቃለሁ። እኛም የምናበራው እሱን ነው። ብቻ ሽታው ሳይጠፋ እንዳታመጣብኝ። ያንን ፍልሰታ አልረሳሁትም።»

«እኔም።»

ደሴ ሦስተኛውን ክዳን ከዋንዛ ሠርቶ ቅባ ኑግ ይቀባው ጀመር። ሚስቱ ማንጠግቦሽ ቅባ ኑጉ ከማሰሮው ሲያልቅ እያየች ታጉረመርም ነበር። «አንቱ ሰውዬ፣ ወጣችን ደርቆ እንጨትዎ ወዛ እኮ» አለችው። ይባስ ብሎ የመጀመሪያው ቅብ ወፍራም ሆኖ አልደርቅ አለ፤ ዝንብ ሁሉ ተጣበቀበት።

«ሰባት ዝንብ ጨምረውበታል» አለች ቆጥራ። «ዝንቡስ ጾም አያስገድፍም?»

ደሴ ቅቡን ፋቀው። ማንጠግቦሽም እያጉረመረመች አሮጌ ነጠላ ቀድዳ ሰጠችው። በጨርቁ እያሸ ስስ አድርጎ ቀባ፤ በጥር ፀሐይ አደረቀ፤ ደገመ። ላዩን፣ ታቹን፣ መጋዝ የቆረጠውን ጫፍ ሁሉ ሳይቀር ሰባት ጊዜ ቀባው። ሽታው እስኪጠፋ ጠበቀና በግንቦት ገጠመው።

ክረምቱ ከባድ ነበር። በፍልሰታ ደሴ ከዛፍ ሥር ራቅ ብሎ ቆሞ ተመለከተ። እማሆይ ወለተ ሚካኤል በቅል ቀዱ። አሸተቱ። ዞር ብለው ደሴን አዩት። ደግመው አሸተቱና ጠጡ።

መስከረም ዐሥራ ዘጠኝ፣ የገብርኤል ዕለት፣ መምሬ ሕዝቡን አስከትለው ወደ ጠበሉ ወረዱ። ተሾመች ልጇን አዝላ ከእናቷ ጎን ቆማለች። መምሬ ክዳኑን አንስተው ገለበጡት፤ መዳፋቸውን በውስጥ በኩል ከዳር እስከ ዳር አስኬዱ። የእንፋሎቱ ጠብታ እየተንከባለለ መሬት ወደቀ። በሳንቃው መጋጠሚያ ላይ ጣታቸውን ጫን አድርገው ቆዩ።

«ምን ብለህ ነበር የተሳልከው?» አሉት።

«የማይበሰብስ ብዬ ነበር፣ አባቴ።»

«የዘለዓለሙን እሱ ያውቃል። ይህ ግን ደረቅ ነው።» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ደሴ ስለቱን አስገብቷል።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ማንጠግቦሽ ከሁሉም በላይ አስረዘመችው። ደሴ ቀርቦ ክዳኑን ተቀበለና መልሶ ገጠመው። ከዚያም ከገንዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ተሾመች ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። የስለት ዕዳ የሌለበትን ልጅ አቀፈው።